«ለሙከራ ነው እኮ»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። በትርፍ ሰዓቴ የመልእክት መላላኪያ አፕ ሠርቻለሁ። እዚህና ሸዋሮቢት ያሉ ወደ 40 የሚጠጉ ጓደኞቼና ነጋዴዎች እየሞከሩት ነው። ሰው ከጽሑፍ ይልቅ ድምፅ እንደሚልክ፣ ወሬውም በአብዛኛው ስለ ሽንኩርትና ማሾ ዋጋ እንደሆነ አይተን የድምፁን ክፍል አሻሻልነው። አሁን ለብዙ ሰው ከፍቼ አስተያየት መጠየቅ እፈልጋለሁ። ሐሳቤን እንዳይሰርቁኝ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የሌባውን ጉዳይ በአጭሩ ልጨርስልህ። የኮምፒውተር ፕሮግራም በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንደ መጽሐፍ ሁሉ ይጠበቃል። ጥበቃው ኮዱ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተሠራበት ጽሑፍ፣ ከተጻፈ ጀምሮ አለ፤ ምዝገባ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ሐሳብ ግን አይጠበቅም። ሌላ ሰው አፕህን አይቶ የራሱን ኮድ ቢጽፍ በቅጅ መብት አትከሰውም። ስለዚህ አፑን አሳይ፣ ኮዱን አታሳይ። ኮዱን የግድ የሚያይ ሰው ካለ አስቀድሞ የምስጢር ጥበቃ ውል ይፈርም። የየጊዜውን ቅጂ ከነቀኑ አስቀምጥ።

አሁን ወዳልጠየቅከኝ ልሂድ።

«ሠርቻለሁ» ብለህ ጀመርክ፤ ሁለት መስመር ሳትሄድ «አይተን አሻሻልነው» አልክ። ሁለተኛው ሰው ማን ነው? ኮድ ከጻፈ የጋራ ባለመብት ሊሆን ይችላል። ገንዘብ እስኪመጣ ሁሉም ወንድማማች ነው። ድርሻችሁን ዛሬ በጽሑፍ አድርጉት። «በትርፍ ሰዓቴ» ያልከውም አሳስቦኛል። ተቀጣሪ ከሆንክ የሥራ ውልህን አውጥተህ አንብብ። በሥራው ምክንያት የተሠራ ሥራ፣ በውል ሌላ ነገር ካልተባለ፣ የአሠሪው ነው።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ማሾው ነው። ወሬያቸው ስለ ማሾ ዋጋ መሆኑን እንዴት አወቅህ? ስንት ድምፅ እንደተላከ ሳትከፍት መቁጠር ትችላለህ። የማሾን ዋጋ ግን በቆጠራ አታውቅም። ወይ ራሳቸው ነግረውሃል፣ ወይ ከፍታችሁ አዳምጣችኋል። ነግረውህ ከሆነ ይቅርታ። እኔ ግን የፈራሁት ሁለተኛውን ነው።

አፕ ሠርተው ከሚመጡ ወጣቶች አፍ የማይጠፋው ቃል «ለሙከራ ነው እኮ» የሚል ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የሰውን የመልእክት ልውውጥ ሲጠብቅ ለሙከራ የሚል በር አልተወም። ያለ ፈቃድ የሌላውን ለሕዝብ ያልሆነ ዳታ መጥለፍ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል ነው። «ሰርቨሩ፣ መልእክቱ የሚያልፍበት ኮምፒውተር፣ የራሴ ነው» ትለኝ ይሆናል። ፖስታ ቤት ሕንፃው የራሱ ስለሆነ ደብዳቤህን ቀድዶ ያነባል እንዴ?

«ሞክሩልኝ ስላቸው እሺ ብለዋል» የሚለውም አያዋጣህም። ለመሞከር እሺ አሉ እንጂ ለመደመጥ እሺ አላሉም። በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት ፈቃድ ሲሰጥ ለምን እንደሆነ ታውቆ፣ ተለይቶ ነው፤ ሰጪውም ሊያነሣው ይችላል። ደግሞ ነጋዴው እሺ ቢልህ እንኳ በወዲያኛው በኩል ያለው ገዢስ? አስበው፦ የሸዋሮቢቱ ሰውዬ ለገዢው የመጨረሻ ዋጋውን በድምፅ ይልካል። በማግስቱ ተፎካካሪው በትንሽ ዝቅ አድርጎ ይሸጣል። አንተ ትንፍሽ ያላልክ ብትሆንም ጣቱ የሚጠቁመው ወደ አንተ ነው፤ መልእክቱን መክፈት ይችሉ የነበሩት አንተና ያ ስሙን ያልነገርከኝ ጓደኛህ ናችሁና።

ተቆጣኝ አትበል፤ ነገሩ ገና ሳይከፋ ስለደረስክ ነው የማወራህ። ከዛሬ ጀምሮ የማንንም መልእክት አትክፈቱ። ግን ደንግጠህ ሁሉንም እንዳትደመስስ! ኋላ ነገር ቢነሣ ማስረጃ ማጥፋት ይመስልብሃል። በዚያ ላይ አዋጅ 958/2008 አገልግሎት ሰጪ የትራፊክ ዳታን፣ ማለትም ማን ለማን መቼ ላከ የሚለውን፣ ለ1 ዓመት እንዲያቆይ ያዝዛል። የአገልግሎት ሰጪ ትርጉሙም ሰፊ ነው። ምን ይቀመጥ፣ ምን ይጥፋ የሚለውን ከጠበቃ ጋር ወስን።

ለብዙ ሰው ከመክፈትህ በፊት መልእክቱ ከላኪው ስልክ ተመስጥሮ ወጥቶ ተቀባዩ ስልክ ላይ ብቻ እንዲፈታ አድርገው። አስተያየቱን ጠይቀህ ተቀበል፤ ሰብረህ አትውሰድ። ምን እንደምትሰበስብ የሚገልጽ አንድ ገጽ በቀላል አማርኛ ጻፍ፣ ሞካሪዎቹም አንብበው ይስማሙ። ሰርቨሩ ውጭ አገር ከሆነ ዳታን ወደ ውጭ ማስተላለፍ የራሱ ቅድመ ሁኔታ ስላለው ይህንንም ለጠበቃው ንገረው።

እኔ የመለስኩልህ ደብዳቤህን ብቻ አይቼ ነው። እዚያው ደብረ ብርሃን ጠበቃ ፈልግ። ስትሄድ የሥራ ውልህን፣ የሰርቨር ኪራይ ደረሰኙን፣ ከጓደኛህ ጋር ሥራ የተከፋፈላችሁበትን መልእክትና ለሞካሪዎቹ መጀመሪያ የላክኸውን ግብዣ ሳትነካካ ይዘህ ሂድ። የድርሻው ነገር ካከራከራችሁ ጓደኛህ የራሱን ጠበቃ ይያዝ፤ አንድ ጠበቃ ለሁለታችሁም አይቆምም።