ታብሎ ወይስ ፓወር ቢአይ? መጀመሪያ የሠንጠረዡን ባዶ ሕዋሶች እዪ

ሰላም እህቴ፣ «የወረዳዬን የሦስት ዓመት የወባና የክትባት ሪፖርት ከዲኤችአይኤስ 2 (የጤና ተቋማት ሪፖርት ከሚገባበት የኮምፒውተር ሥርዓት) አውርጃለሁ፤ በግራፍ ለማየት ታብሎ ልማር ወይስ ፓወር ቢአይ?» ላልሽው፦ ሁለቱንም ሠርቼባቸዋለሁ፤ ለአሁኑ ግን አንዱም አያስፈልግሽም። ዲኤችአይኤስ 2 ራሱ ግራፍም ካርታም ያወጣልሻል።

የወባውን ቁጥር በየወሩ፣ ለእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ የየራሱን መስመር ሰጥተሽ አውጪው። ደምረሽ አንድ አታድርጊው፤ እኔ ላይ የደረሰው እንዳይደርስብሽ ነው። ቆላ ወረዳ ስሠራ የወባው መስመር ጥቅምት ላይ ቁልቁል ወረደ። ወባ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ እንደሚበረታ እያወቅሁ ስብሰባ ላይ «ቀንሷል» ብዬ አቀረብሁ። አንዲት ነርስ «እኛ ጋ እኮ አልጋ ጠፍቷል» ስትል ተመልሼ ፋይሉን ከፈትሁ። ብዙ ታማሚ የሚያየው ጤና ጣቢያ የዚያን ወር ሪፖርት አላስገባም ነበር፤ ባዶውን ሕዋስ ዜሮ ብዬ የሞላሁት እኔ ነኝ። ሰው ታሞ ወረፋ ላይ እያለ ቀንሷል ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ከዚያ ወዲህ የሪፖርት ሙሉነቱን፣ ማለትም ከሚጠበቁት ሪፖርቶች ስንቱ እንደገባ የሚያሳየውን መስመር ጎን ለጎን ሳላወጣ ግራፍ ለማንም አላሳይም።

የክትባቱ ሽፋን ከ100 በመቶ በላይ ቢወጣ ቁጥሩን አትሰርዢ፣ አታስተካክይውም። ዲኖሚኔተሩ፣ ማለትም ይወለዳሉ ተብሎ የተገመቱት ሕፃናት ብዛት፣ ከ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ተነሥቶ የተሰላ ነው፤ ስንቱ ሰው ከዚያ ወዲህ ቦታ ለውጧል! ከጎረቤት ወረዳ መጥተው የሚከተቡም አሉ። ስለዚህ ፔንታ 1ን እና ፔንታ 3ን (የአምስት በአንዱን ክትባት የመጀመሪያና ሦስተኛ ዙር) የተከተቡ ልጆችን ቁጥር አንድ ግራፍ ላይ አስቀምጪ። በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ክፍተት ጀምረው ያቋረጡትን ልጆች ያሳይሻል፤ ግምታዊ የሕዝብ ቁጥርም አይፈልግም። ክፍተቱ የፔንታ 1ን ቁጥር 10 በመቶ ካለፈ የዚያን ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ደውለሽ ጠይቂ። ግራፉ የት እንደሆነ ይነግርሻል፤ ለምን እንደሆነ የምታውቀው እሷ ናት።

ካርታ ስትሠሪ በታማሚ ብዛት ብቻ አታቅልሚው፤ ሰው የበዛበት ቀበሌ ሁልጊዜ ቀይ ይሆናል። ከ1,000 ሰው ስንቱ እንደታመመ አስይው። የወሩ ሪፖርት በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ20 እንደሚዘጋ፣ ሳምንታዊው የበሽታ ቅኝት ሪፖርት ግን ከሰኞ እስከ እሑድ እንደሆነም አትርሺ፤ አንድ ግራፍ ላይ አትደባልቂያቸው።

የዝናብ መረጃ ከወባው ጋር ማያያዝ ስትፈልጊ ያኔ ፓወር ቢአይ ዴስክቶፕን ጫኚ፤ በነፃ ይገኛል። ታብሎ ፐብሊክ ላይ የምታወጪውን ግን ማንም ሊያየው ይችላል፤ የታካሚ ስም ወይም የካርድ ቁጥር ያለበትን ፋይል ወደዚያ አታስጠጊ።