ከቀዩ ሰንጢ በኋላ ምን እንያዝ?

ልጆቼ፣ ሰሞኑን አንድ ወጣት ባልደረባዬ ስልኩን አውጥቶ የሦስት የኪስ መሣሪያዎች ፎቶ አሳየኝና «የቱን ልግዛ?» አለኝ። አንዱ 14 ሥራ ይሠራል፣ አንዱ 18፣ አንዱ 21። ልቡ 21 የሚለው ላይ ነበር። እኔም መልሼ «ባለፈው ሳምንት እጅህ ምን ፈልጎ አጣ?» ብዬ ጠየቅሁት። ትንሽ አሰበና «መቀስ» አለኝ። እሱ የመረጠውን ጨምሮ ሁለቱ ላይ መቀስ የለም።

ይህን የምጽፍላችሁ ለዚህ ነው። ከ30 ዓመት በላይ ማሽን ስጠግን ኖሬያለሁ። ከኪሴ ሰንጢ ጠፍቶ የዋለበት ቀን ጥቂት ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ብዙ ዓይነት ገዝቻለሁ፣ ብዙውንም መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬ ረስቼዋለሁ። እናንተ በዚያው መንገድ ገንዘባችሁን እንድትጨርሱ አልፈልግም።

መጀመሪያ ቀዩ ሰንጢ፣ ብዙ መሣሪያ በአንድ እጀታ የሚታጠፍበት የስዊዘርላንዱ የኪስ ሰንጢ፣ ከየት እንደመጣ ላጫውታችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የስዊዘርላንድ ጦር በ1889 ዓይነቱ አዲስ የሆነ ጠመንጃ ይመርጣል። ጠመንጃውን ፈትቶ ለማጽዳት ካቻቢቴ ያስፈልጋል። ወታደሩ ደግሞ በቆርቆሮ የታሸገ ምግብ ይበላል፣ ቆዳና ሸራም ይበሳል። ስለዚህ አንድ ስለት፣ አንድ ወስፌ፣ አንድ ቆርቆሮ መክፈቻና አንድ ካቻቢቴ በአንድ እጀታ ታጥፈው ተሰጡት። አራት ብቻ። የመጀመሪያዎቹ የተሠሩት ጀርመን ውስጥ ዞሊንገን በምትባል ከተማ ነው። ካርል ኤልዝነር የሚባል ቢላ ሠሪ በ1884 እዚያው ስዊዘርላንድ ውስጥ ኢባክ በምትባል ቦታ የራሱን ወርክሾፕ ከፍቶ ነበር፣ እሱ በ1891 ለጦሩ ማቅረብ ጀመረ። በ1897 ደግሞ ቀለል ያለውን የመኮንኖች ሰንጢ አስመዘገበ። ትንሽ ስለትና ቡሽ መንቀያ የተጨመሩት እዚህ ላይ ነው። ዛሬ ሁላችንም የምናውቀው ቀዩ ሰንጢ የዚህኛው ልጅ ነው። በነገራችን ላይ የኤልዝነር ኩባንያ የሚጠራበት ቪክቶሪኖክስ የሚለው ስም ከእናቱ ስም ከቪክቶሪያ እና የማይዝግ ብረት ከሚጠራበት «ኢኖክስ» ከሚል ቃል የተገጠመ ነው።

ይህን ታሪክ የምነግራችሁ በአንድ ምክንያት ነው። ሰንጢው ላይ አራት ነገር የተደረገው ወታደሩ አራት ሥራ ስለነበረው ነው። መጀመሪያ የተቆጠረው ሥራው ነው፣ መሣሪያው ከዚያ በኋላ መጣ። ዛሬ ገበያው ይህን ገልብጦታል። ሳጥኑ ላይ በትልቁ «21 በ1» ይላል፣ እኛም ሥራ ሳይኖረን መሣሪያ እንቆጥራለን። በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ እንደሚባለው ነው። ገደሉ ክብደቱ ነው። ተራው ባለ ሁለት ስለት ቀይ ሰንጢ 60 ግራም ገደማ ይመዝናል። በጣም ታዋቂ ከሆኑት ባለ ፒንሳ መሣሪያዎች አንዱ፣ ሌዘርማን ዌቭ ፕላስ፣ 241 ግራም ነው። አራት እጥፍ ማለት ነው። አንድ ቀን ኪሳችሁ ውስጥ ይዛችሁት ዋሉ፣ ሱሪያችሁ ወደ አንድ ጎን ይጎተታል። በሁለተኛው ሳምንት ቤት ትተዉታላችሁ።

ባለ ፒንሳውን ግን መናቄ አይደለም። አመጣጡን ስሙ። ቲም ሌዘርማን የሚባል አሜሪካዊ በ1975 ከባለቤቱ ጋር በአሮጌ ፊያት አውሮፓን ይዞራል። መኪናዋ ትበላሻለች፣ የሚያድሩበት ሆቴል ቧንቧ ያፈሳል። ኪሱ ውስጥ ሰንጢ አለው፣ ፒንሳ ግን የለውም። ወደ አገሩ ተመልሶ ፒንሳ ያለው ሰንጢ ለመሥራት ዓመታት ፈጀበት። ቢላ ሠሪዎቹ ይሄ ቢላ አይደለም ብለው መለሱት፣ መሣሪያ ሠሪዎቹም አልፈለጉትም። ገበያ ላይ የዋለው በ1983 ነው። አያችሁ፣ እሱም የጀመረው ካጣው ነገር ነው። ሽቦ የምትይዙ፣ ዳዶ የምትፈቱ፣ ሞተር ሳይክል ወይም ብስክሌት የምትነዱ፣ ገጠር ለገጠር የምትሠሩ ከሆነ ፒንሳን የሚተካ ነገር የለም። ግዙት፣ ቀበቶ ላይ በሚታሰር ቦርሳ ያዙት፣ አትጸጸቱም።

ግን ሦስት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ የታጣፊ ፒንሳ ማጠፊያ እንደ ሙሉ ፒንሳ አይጠነክርም። ጠብቆ የተቀረቀረ ዳዶ በሱ ለመፍታት ስትታገሉ የዳዶውን ማዕዘን ትበሉታላችሁ፣ እጀታውም መዳፋችሁን ይቆርጣል። ሁለተኛ፣ ጠንካራ የሞላ ሽቦ አትቁረጡበት። እኔ ቸኩዬ ቆርጬበት የመቁረጫው ጥርስ ተሸርፏል፣ ያኔ ደግሞ መቁረጫው የሚለወጥ አልነበረም። አሁን መቁረጫቸው በብሎን ተፈትቶ የሚቀየር አሉ፣ ስትገዙ ያንን ፈልጉ። ሦስተኛው ከሁሉም የከፋው ነው፤ እባካችሁ ኤሌክትሪክ ያለበት ነገር በሱ አትንኩ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ብረት ነው። እጀታው ላይ ፕላስቲክ ስላለ ብቻ ይከላከላል ማለት አይደለም። ለኤሌክትሪክ ሥራ የተፈተነ መሣሪያ ላይ ሁለት የተደራረቡ ሦስት ማዕዘኖችና 1000 V የሚል ምልክት አለ። ያ ምልክት ከሌለ መብራቱን አጥፉ፣ መጥፋቱንም ለኩ፣ ከዚያ ሥሩ። ይህን አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ እንኳ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ስለቱ ልምጣ። የድሮው ሰንጢ ስለቱን የሚይዘው ሞላ ብቻ ነው፣ መቆለፊያ የለውም። ወጣት ሳለሁ ወፍራም ላስቲክ በስለቱ ጫፍ ልበሳ ስል ስለቱ ታጠፈና ጣቴ ላይ ዘጋ። ጠባሳው ዛሬም አለ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ወስፌው አጠገቡ ተቀምጦ በስለት በሳሁ። ዘመናዊዎቹ አብዛኞቹ ይቆለፋሉ፣ ብዙዎቹም በአንድ እጅ ይከፈታሉ። መሰላል ላይ ሆናችሁ አንድ እጃችሁ ሌላ ነገር ሲይዝ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የስዊዘርላንድ ጦር ራሱ በ2008 የወታደሩን ሰንጢ ሲቀይር የመረጠው የሚቆለፍና በአንድ እጅ የሚከፈት ነው።

መቆለፊያው ግን ሌላ ጣጣ አለው። እንግሊዝ አገር ለምሳሌ ስለቱ ከ3 ኢንች (7.6 ሳንቲ ሜትር ገደማ) ያልበለጠ ታጣፊ ሰንጢ ያለ ምክንያት መያዝ ይፈቀዳል። የሚቆለፍ ከሆነ ግን በቂ ምክንያት ማቅረብ አለባችሁ። ለእጃችሁ ደህና የሆነው ለሕጉ ደህና ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ከመጓዛችሁ በፊት የምትሄዱበትን አገር ሕግ እዩ። አውሮፕላን ላይ ደግሞ ነገሩ አጭር ነው፤ ስለት ያለው መሣሪያ በእጅ ሻንጣ አትያዙ። እኔ አንድ ጊዜ ረስቼ፣ ለብዙ ዓመት የያዝኩትን ሰንጢ ፍተሻ ላይ ጥዬ ሄጃለሁ። ከሥራ ጓደኛዬ በስጦታ ያገኘሁት ነበር። አሁንም ትዝ ሲለኝ ይቆጨኛል። ከናንተ ብዙ የሚበርር ካለ ስለት የሌላቸውን ይመልከት፤ መቀስ፣ ካቻቢቴና ትንሽ ፒንሳ ብቻ ያላቸው አሉ። ቪክቶሪኖክስም በ2024 ስለት የሌለው መሣሪያ እያዘጋጀሁ ነው ብሏል።

አሁን በጣም የምወደው ክፍል ላይ ደረስኩ፤ ብሎን። ድሮ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ካላችሁ ግማሹ ዓለም ይፈታላችሁ ነበር። በ1930ዎቹ ባለ መስቀሉ መጣ፣ ቀዩ ሰንጢም ከጊዜ በኋላ በአንዳንድ ሞዴል ላይ ጨመረው። በ1967 ባለ ስድስት ጫፍ ኮከቡ ቶርክስ መጣ። ከዚያ በ2009 አፕል ባለ አምስት ቅጠል ብሎን ኮምፒውተሩ ላይ ማድረግ ጀመረ። ዛሬ የምትፈቱትን ነገር አስቡት፤ ላፕቶፕ፣ ብስክሌት፣ ወንበር፣ የቡና ማሽን። እያንዳንዱ የራሱ ራስ አለው። ከሰንጢ ጎን ተጣብቆ የሚወጣ አንድ ካቻቢቴ ይህን ሁሉ ሊሸፍን አይችልም። ቢሸፍንም ከጎን ስለሚወጣ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ብሎን ላይ አይደርስም።

ለዚህ ነው፣ በኔ አስተያየት፣ ለአብዛኞቻችሁ የቀዩ ሰንጢ እውነተኛ ወራሽ ባለ ፒንሳው ሳይሆን ጫፉ የሚቀያየር ትንሽ ካቻቢቴ ነው የምለው። የብዕር ያህል ነው፣ ጫፎቹ ሆዱ ውስጥ ይገባሉ። አንድ ነገር ብቻ አረጋግጡ። ጫፎቹ መደበኛ መጠን ይሁኑ፤ ለተራ ሥራ 6.35 ሚሊ ሜትር፣ ለስልክና ለትናንሽ ዕቃ 4 ሚሊ ሜትር። አንዳንድ አምራቾች የራሳቸውን ጠፍጣፋ ጫፍ ብቻ የሚቀበል መሣሪያ ይሠራሉ። አንድ ጫፍ ሲጠፋባችሁ ከዚያው አምራች በቀር ሌላ ቦታ በቀላሉ አታገኙም።

እሱን ከትንሽ ሰንጢ ጋር አጣምሩት። 58 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ትንሹ ቀይ ሰንጢ 21 ግራም ነው፣ ከቁልፋችሁ ጋር ይንጠለጠላል። ስለት፣ መቀስ፣ ሞረድ፣ ወረንጦ አለው። ይህን ስል የሚገረሙ አሉ፣ መጫወቻ ይመስላቸዋል። ግን ለ10 ዓመት ቁልፌ ላይ የነበረው እሱ ነው፣ ከትልልቆቹ ሁሉ የበለጠ የሠራልኝም እሱ ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ ምንም የተለየ ነገር አይደለም፣ ስፈልገው ሁልጊዜ አጠገቤ ስለነበረ ነው። ፒንሳ ጨምሬ እፈልጋለሁ የሚል ደግሞ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ የሚሆኑ እውነተኛ ትናንሽ ፒንሳዎች አሉ፣ ክኒፔክስ የሚሠራቸው ለምሳሌ። ከታጣፊው ይልቅ አጥብቀው ይይዛሉ።

እንደ ባንክ ካርድ ጠፍጣፋ የሆኑትንና እጅ ላይ እንደ አምባር የሚታሰሩትን አይቻለሁ። ለመያዝ ቀላል ናቸው፣ ለመሥራት ግን እጀታ የላቸውም። አልመክርም። ኤሌክትሮኒክስ የተገጠመባቸውንም እንዲሁ። በ2000ዎቹ ፍላሽ ሚሞሪ ያለው ሰንጢ ወጥቶ ነበር፣ እኔም ጓጉቼ ነበር። ስለቱ ዛሬም ይቆርጣል፣ ሚሞሪው ግን ለዛሬ ፋይል የሚበቃ አይደለም። መብራት ከፈለጋችሁ ስልካችሁ አለ።

ስለ ብረቱም ትንሽ። አሁን በጣም ጠንካራ ብረት ያላቸው ስለቶች ይሸጣሉ። ሳይዶለዱሙ ብዙ ይቆያሉ፣ እውነት ነው። ግን ሲዶለዱሙ በተራ ድንጋይ አይሳሉም፣ አልማዝ ያለበት መሳያና ትዕግሥት ይፈልጋሉ። የድሮው ሰንጢ ብረት ለስለስ ያለ ነው፣ ቶሎ ይዶለዱማል፣ በአምስት ደቂቃ ደግሞ ይሳላል። ለጀማሪ እሱ ይሻላል፤ መሳል ትማሩበታላችሁ። የዶለዶመ ስለት ጉልበት ያስጨምራል፣ ጉልበት ስትጨምሩ ያመልጣችኋል፣ ሲያመልጥ የሚያርፈው እጃችሁ ላይ ነው።

ሱቅ ስትገቡ ዕቃውን እጃችሁ ላይ ሳትይዙ አትግዙ። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል። እያንዳንዱን ክፈቱ፣ ወደ ጎን ይወዛወዛል? ፒንሳውን ዘግታችሁ ወደ ብርሃን አንሱት፣ ጫፉ ገጥሟል? መቀሱ ስስ ወረቀት እስከ ጫፉ ይቆርጣል ወይስ ያጥፈዋል? ጥፍራችሁን ሳትሰብሩ ትከፍቱታላችሁ? በርካሹ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው መቀሱ ነው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ የቤት ሥራ አለ። ለ14 ቀን አንድ ወረቀት ኪሳችሁ ውስጥ ይዋል፣ መሣሪያ ፈልጋችሁ ባጣችሁ ቁጥር ምን እንደነበረ ጻፉ። ያን ወጣት ባልደረባዬን እንዲህ አድርግ ብዬው ሄዶ ጻፈ። ሲመለስ ወረቀቱ ላይ መቀስ ዘጠኝ ጊዜ፣ ካርቶን መክፈቻ ስለት ስድስት ጊዜ፣ ትንሽ ባለ መስቀል ካቻቢቴ አራት ጊዜ፣ ፒንሳ አንድ ጊዜ ነበር። ፒንሳው ደግሞ ሥራ ቦታ ሳጥን ውስጥ አለ። ትንሹን ሰንጢና ባለ ጫፍ ካቻቢቴውን ገዛ። ትናንት በምሳ ሰዓት በር ላይ ተቀምጦ የመቀሱን ማጠፊያ በጥርስ መፋቂያ እያጸዳ አንድ ጠብታ ዘይት ሲያደርግበት አየሁት፣ ማን እንዳስተማረው አላውቅም።