ውሉ ሳያልቅ ስለሚወጣ ተከራይ፦ ከሐዋሳ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በሐዋሳ፣ በግቢዬ ውስጥ የሠራኋቸውን አምስት ሰርቪስ ክፍሎች ማከራየት ከጀመርኩ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የጎረቤቶቼን የኪራይ ውል ስጽፍ፣ አከራይና ተከራይ ሲጣሉም ሽማግሌ ሆኜ ስቀመጥ ቆይቻለሁ። ጠበቃ አይደለሁም፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት የደረሰበት ሰው ጠበቃ ያማክር። ከዚህ በታች ያሉትን ጥያቄዎች እንደየአመጣጣቸው መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ታቦር ክፍለ ከተማ ያለኝን ባለ ሁለት መኝታ ቤት በወር 9,000 ብር ለሁለት ዓመት አከራይቼ ነበር። ተከራዩ ሰባት ወር እንደተቀመጠ «በወሩ መጨረሻ እወጣለሁ» አለኝ። የቀረውን የ17 ወር ኪራይ፣ ማለትም 153,000 ብር፣ ልጠይቀው እችላለሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቅሬታዎ ይገባኛል፤ ነገር ግን በዚህ ስሌት ቢከሱ ያገኛሉ ብዬ አላምንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ ይጸናል ይላል፤ ስለዚህ ተከራይዎ ፈርሞ ሲያበቃ እንደ እንግዳ ሹልክ ብሎ መሄድ አይችልም። ይሁን እንጂ ይኸው ሕግ በቁጥር 1802 ውል የፈረሰበት ወገን ጉዳቱን ለመቀነስ የሚችለውን እንዲያደርግ ያስገድደዋል። ቤቱን ቆልፎ 17 ወር ሙሉ ተቀምጦ፣ በመጨረሻ «ባዶ የቆየብኝ በእርሱ ምክንያት ነው» የሚል አከራይ ራሱ ያበዛውን ጉዳት ሌላውን ሊያስከፍል አይገባም።

የእርስዎን ጉዳይ በቁጥር እንየው። ተከራይዎ ጥር 30 ቀን ለቀቀ እንበል። እርስዎም ዛሬ ነገ ሳይሉ ለደላላ ነግረው፣ ግድግዳውን ቀለም አስነክተው፣ የካቲት 25 ቀን በ8,500 ብር ሌላ ሰው አስገቡ። ቤቱ ባዶ የቆየው 24 ቀን ነው፤ በቀን 300 ብር ሲታሰብ 7,200 ብር ይሆናል። በየወሩ የጎደለብዎት 500 ብር በቀሩት 16 ወራት ሲባዛ 8,000 ብር ይመጣል። ለደላላ ዳግመኛ የከፈሉት ካለ ይጨመራል። ይህ ተደምሮ ከ153,000 ብር ጋር የሚቀራረብ አይደለም፤ ግን ደረሰኝና ቀን ያለው፣ ሽማግሌም ዳኛም ፊት ቢቀርብ የማያሳፍር ሒሳብ ነው። እኔ በሽምግልና በተቀመጥኩባቸው ጠቦች ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው «ቤቱ ስንት ቀን ባዶ ቆየ?» ብዬ ነው። አብዛኛው ቁጣ እዚያው ጥያቄ ላይ ይበርዳል።

ጥያቄ፦ በውላችን ላይ «ውል አፍራሽ ለውል አክባሪ 50,000 ብር ገደብ ይከፍላል» የሚል አለ። ኪራዩ በወር 4,000 ብር ነው። ይህ ይጸናል?

መልስ፦ ይህን ዐረፍተ ነገር የማያውቅ የሐዋሳ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ውል ጸሐፊዎቻችን ከ«ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1889 እና 1890» ጋር አያይዘው ለቤትም፣ ለመኪናም፣ ለላምም ይጽፉታል። ተዋዋዮች ውል ለሚያፈርስ ወገን መቀጫውን አስቀድመው መወሰን እንደሚችሉ ሕጉ በእርግጥ ይፈቅዳል። ሆኖም የዓመት ኪራይ የሚያህል ገደብ ማንንም አይጠቅምም፤ ተከራዩ መክፈል እንደማይችል ስለሚያውቅ ከመነጋገር ይልቅ ሌሊት ዕቃውን ጭኖ መጥፋትን ይመርጣል። እኔ በምጽፋቸው ውሎች ገደቡ የአንድ ወር ኪራይ ነው፤ ሁለት ወር አስቀድሞ በጽሑፍ ያስታወቀ ተከራይ ግን ገደብ አይከፍልም። የአንድ ወር ኪራይ ከፍሎ ተመራርቆ መለያየት የሚከብደው ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ጥያቄ፦ የሁለት ወር ቅድመ ክፍያ ሰጥቼ ገባሁ። በአምስተኛው ወር ስወጣ አከራዬ «ቅድመ ክፍያው የእኔ ነው፤ ውል ያፈረስሽ አንቺ ነሽ» አሉኝ። ልክ ናቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ ነገሩ የሚወሰነው ያ ገንዘብ ለምን እንደተከፈለ በሚገልጸው ጽሑፍ ነው። ሰዎቻችን ሦስት የተለያዩ ነገሮችን «ቅድሚያ» በሚል አንድ ስም ይጠራሉ። የመጀመሪያው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ኪራይ ነው፤ እርሱ ሲኖሩበት አልቋል። ሁለተኛው ሳይነካ ተቀምጦ ለመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት የሚታሰበው ነው። ሦስተኛው ለተሰበረ መስታወትና ላልተከፈለ መብራት መያዣ የሚሆነው ነው። እርስዎ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በየወሩ ሲከፍሉ ከነበረ ገንዘብዎ አከራይዎ ዘንድ ተቀምጧል ማለት ነው። አከራይዎም ሊያስቀሩ የሚችሉት ገደብ ተጽፎ ከሆነ ገደቡን፣ ካልተጻፈ ቤቱ ባዶ የቆየበትን፣ ከውዝፍ የውሃና የመብራት ሒሳብ ጋር ነው፤ የተረፈው ይመለሳል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ መከልከሉን፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም ማዘዙን ያስታውሱ። በእጅ የተሰጠ ብር ክርክር ላይ ምስክር ያጣል፤ በባንክ ያስገቡት ግን ቀኑን ራሱ ይናገራል።

ጥያቄ፦ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አካባቢ ስድስት ክፍል ለፋብሪካ ሠራተኞች አከራያለሁ። ልጆቹ ሥራ ሲያጡ በአንድ ቀን ይወጣሉ። ማንን ልያዝ?

መልስ፦ እናቴ፣ ይህ በከተማችን የታወቀ ችግር ነው። ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ ሲመረቅ ብዙዎቻችን ያለንን ጥሪት ክፍል መሥሪያ ላይ አዋልነው። ከዚያ አሜሪካ ኢትዮጵያን በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከአጎዋ፣ ማለትም ምርትን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ለመላክ ከሚያስችለው ዕድል፣ ስታስወጣ አንዳንድ ፋብሪካዎች ሠራተኛ ቀነሱ፤ ልጆቹም ፍራሻቸውን ጠቅልለው ወደየቀያቸው ተመለሱ። «ሥራ ማጣት ከአቅም በላይ ኃይል ነው፤ ስለዚህ ምንም አልከፍልም» የሚል ሰው በሕጉ አነጋገር የሚያሸንፍ አይመስለኝም፤ ከአቅም በላይ ኃይል የሚባለው አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችልና ግዴታን መፈጸምን ፈጽሞ የሚከለክል ነገር ነው፤ ገንዘብ ማጠር በዚህ አይቆጠርም። ሆኖም ደመወዟ የቆመ ልጅ ላይ ክስ መመሥረት ለእርስዎም የመጓጓዣ ኪሣራ ነው።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ከእያንዳንዷ ልጅ ሐዋሳ ውስጥ የሚኖር አንድ ተያዥ እቀበላለሁ። ኪራዩን ወሩ ሲገባ እንጂ ሲያልቅ አልቀበልም። የምትወጣ ልጅ ምትክ ካመጣች የወሩ የቀረ ሒሳብ ይመለስላታል። ይህ የመጨረሻው ነገር ከሁሉ በላይ ሠርቶልኛል፤ ልጆቹ እርስ በርስ ስለሚተዋወቁ ክፍሉ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ቀን እንኳ ባዶ አያድርም፣ ለደላላም አልከፍልም።

ጥያቄ፦ ሦስት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሆነን አንድ ቤት በአንድ ውል ተከራየን። አንደኛው ትምህርቱን አቋርጦ ሄደ። አከራያችን የእርሱን ድርሻ ከእኛ ይጠይቃሉ።

መልስ፦ መጠየቅ ይችላሉ። በውሉ ላይ ሌላ ካልተባለ ለአንድ ዕዳ አብረው የገቡ ሰዎች ባልተነጣጠለ ኃላፊነት እንደሚጠየቁ ሕጉ በቁጥር 1896 ደንግጓል፤ እናንተ ደግሞ ከሄደው ጓደኛችሁ ታስመልሳላችሁ። ለወደፊቱ የሦስታችሁም ድርሻ በውሉ ላይ ተለያይቶ ይጻፍ።

ጥያቄ፦ ተከራዬ ሳይነግረኝ ከጠፋ ሁለት ወር ሆነው። በሩ በእርሱ ቁልፍ ተዘግቷል፣ ዕቃም በውስጡ አለ። ሰብሬ ልግባ?

መልስ፦ አይግቡ። ኪራይ ያልከፈለ ሰው እንኳ «ወርቅ ነበረኝ፣ ላፕቶፕ ነበረኝ» ያለ ቀን እርስዎ ከሳሽነትዎ ቀርቶ ተከሳሽ ይሆናሉ። መጀመሪያ በውሉ ላይ ባለው ስልክና በተያዡ በኩል ይፈልጉት፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያም አዘጋጅተው ምስክሮች ባሉበት በሩ ላይ ይለጥፉ፣ ፎቶ ያንሡት፣ አንዱን ቅጂ ያስቀሩ። መልስ ካጡ ለቀበሌው አመልክተው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ይክፈቱ። ሲከፈትም ፖሊስና ሁለት ጎረቤቶች ቆመው ዕቃው ከማንኪያ ጀምሮ ይመዝገብ። አንድ የማውቀው ባለ ግቢ ይህን ሁሉ ዘልሎ በሩን በመዶሻ ከፍቶ ነበር፤ ተከራዩ ከሆስፒታል ሲመለስ ክሱ ከኪራዩ ይልቅ ስለጠፋው ዕቃ ሆነ። የጠፋ የመሰለ ሰው ሁሉ የጠፋ አይደለም።

ውሃና መብራት በመቁረጥ ተከራይን ማስመረርንም እንደዚሁ አልመክርም። ጠቡን ከሒሳብ ወደ ጎረቤት ሐሜት ከማውረድ በቀር የሚያመጣው ነገር የለም።

ጥያቄ፦ ውላችን ካለቀ ስምንት ወር ሆኗል፤ ሳናድስ እየከፈልኩ ተቀምጫለሁ። አሁን ብወጣ ውል አፈረሰ ያሰኘኛል?

መልስ፦ አከራዩ ሳይቃወሙ ኪራዩን ሲቀበሉ ስለቆዩ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ውሉ ጊዜው ሳይወሰን እንደቀጠለ ይቆጠራል። አስቀድመው ካስታወቁ አፍራሽ አያሰኝዎትም። ማስታወቂያዎ ግን በቃል ብቻ አይሁን፤ ቀን የተጻፈበት አንድ ወረቀት ሰጥተው ቅጂው ላይ ያስፈርሟቸው።

ጥያቄ፦ መናኸሪያ አካባቢ ሱቅ ተከራይቼ መደርደሪያና ኮርኒስ ሠርቻለሁ። ሥራው አልሄደልኝም፤ ከወጣሁ የሠራሁበት ይመለስልኛል?

መልስ፦ አዋጅ 1320 ስለ መኖሪያ ቤት እንጂ ስለ ንግድ ቤት አይደለም፤ የእርስዎ ጉዳይ በውልዎና በፍትሐ ብሔር ሕጉ ይታያል። ግድግዳውን ሳይጎዳ የሚነቀል መደርደሪያ ይዘው ይውጡ። ኮርኒሱን ነቅለው ቢወስዱ ግን እንጨት እንጂ ኮርኒስ አይሆንም፤ ስለዚህ ቀጥሎ የሚገባው ነጋዴ እንዲገዛዎት በአከራዩ ፊት ይደራደሩ። አከራዩ አርቀው የሚያስቡ ከሆነ ሽምግልናውን ራሳቸው ይመሩታል፤ የተዘጋ ሱቅ የጎረቤት ሱቆችን ገበያም ያቀዘቅዛል።

ጥያቄ፦ ተከራዬ ነገ ቁልፍ ሊያስረክበኝ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በቀን ብርሃን ተረከቡ። የውሃና የመብራት ቆጣሪውን ንባብ ሁለታችሁም እያያችሁ ፎቶ አንሡ፤ ቆጣሪው በካርድ የሚሠራ ከሆነ ካርዱን መቀበል አትርሱ። ቧንቧውን ክፈቱ፣ ሽንት ቤቱን ልቀቁ፣ መስኮቶቹን ቁጠሩ። ሚስማር የተመታበት ግድግዳ ስብራት አይደለም፤ በኑሮ የሚመጣ ነው፣ በእርሱ ገንዘብ አትቁረጡ። ከዚያ «ቤቱን በዚህ ቀን ተረክቤያለሁ፤ ከዚህ ቀን በኋላ ኪራይ አይታሰብም» የሚል ሁለት መስመር ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት። ውሉ የተመዘገበ ከሆነ መቋረጡንም ወደ መዘገበው ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ አሳውቁ፤ አለዚያ አዲሱን ተከራይ ልታስመዘግቡ ስትሄዱ የቀድሞው ስም ተቀምጦ ይጠብቃችኋል።