በአማካሪዬ መታመኔ በእግዚአብሔር አለመታመን ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይድረስዎ። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ኀዘኑ አልለቅ ስላለኝ ወደ ሥነ ልቦና አማካሪ መሄድ ጀመርኩ። መጀመሪያ ያገኘኋቸው ብዙ የተማሩ ነበሩ፤ እሳቸው ፊት ግን አንደበቴ አልፈታ አለና ተውኩት። አሁን ያሉት ምንም ሳይመክሩኝ፣ ሲያዳምጡኝ ብቻ ይቀለኛል። አንዲት እኅት ግን «በሰው የሚታመን ርጉም ነው ተብሏል» ስትለኝ ፈራሁ። በዚያ ላይ ባለፈው ቀጠሮ አማካሪዬ «ኀዘኑ አልበዛም?» ስላሉኝ ቅር ብሎኝ ላለመመለስ እያሰብኩ ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ የመጽናናት አምላክ ያጽናሽ።

የተጠቀሰልሽ ቃል ትንቢተ ኤርምያስ 17፥5 ላይ አለ፤ ነገር ግን ከመካከሉ ተቆርጦ ነው የደረሰሽ። «በሰው የሚታመን ሥጋ ለባሹንም ክንዱ የሚያደርግ ልቡም ከእግዚአብሔር የሚመለስ ሰው ርጉም ነው» ነው የሚለው። በነቢዩ ዘመን የይሁዳ ሰዎች አምላካቸውን ትተው የግብፅን ሠራዊት ተስፋ ያደርጉ ነበር። አንቺ ልብሽን ከማን መለስሽ? እየጸለይሽ፣ እያስቀደስሽ ሕመምሽን ለሚያውቅበት ሰው መናገርሽ ከዚህ ርግማን ጋር አይገናኝም። ቅዱስ ጳውሎስ አንዱ የሌላውን ሸክም እንዲሸከም አዝዟል (ገላ. 6፥2)፤ ያልተነገረ ሸክም ደግሞ ተሸካሚ አያገኝም።

«ሲያዳምጡኝ ብቻ ይቀለኛል» ያልሽውን እንደ ድካም አትቁጠሪው። ጌታችን ከትንሣኤው በኋላ በኤማሁስ መንገድ ካገኛቸው ሁለት ሐዘንተኞች ጋር ያደረገውን ተመልከቺ (ሉቃ. 24)። የሆነውን ሁሉ ያውቃል፤ የሆነው በራሱ ላይ ነውና። ሆኖም ወዲያው አላስተማራቸውም። አብሯቸው ሄደ፣ ምን እየተነጋገሩ እንደሆነ ጠየቃቸው፤ «ምንድር ነው?» ብሎ ደግሞ እንዲናገሩ አደረጋቸው። እነርሱም ስቅለቱን፣ የቀረውን ባዶ ተስፋቸውን፣ ሴቶቹ ነገሩን ያሉትን ሁሉ ዘረገፉ። ተግሣጹም ትምህርቱም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሁሉን የሚያውቅ አምላክ ሐዘንተኛን እስኪጨርስ ካዳመጠ፣ የማያውቀው ሰውማ እንዴት አብልጦ አያዳምጥ! የኢዮብ ወዳጆችም 7 ቀንና 7 ሌሊት ዝም ብለው አብረውት በምድር ላይ ሲቀመጡ መልካም አድርገው ነበር። አድካሚ አጽናኞች የሆኑበት አፋቸውን ከፍተው ሊፈርዱበት ሲጀምሩ ነው።

የሙያው ሰዎችም በራሳቸው መንገድ እዚህ ላይ ደርሰዋል። ካርል ሮጀርስ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ በ1957 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰው እንዲለወጥ የአማካሪው እውነተኛነት፣ ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበሉና የሌላውን ስሜት ከውስጥ መረዳቱ እንደሚያስፈልግ አስረዳ። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣና ወደ 300 የሚጠጉ ጥናቶችን በአንድነት የመረመረ ሥራ ደግሞ፣ የሕክምናው ስልት ቢለያይም በአማካሪና በተማካሪ መካከል ያለው ትብብር ሲጠነክር ውጤቱም የተሻለ ሆኖ እንደሚታይ አሳይቷል። ሁሉም ነገር ግንኙነቱ ነው ማለት አይደለም፤ ዕውቀትም ስልትም ያስፈልጋል። ግን የመጀመሪያው አማካሪ ዘንድ ያልሠራልሽ የእሳቸው ዕውቀት ስላነሰ ወይም እምነትሽ ስለጎደለ አይደለም። አንዳንዴ ሁለት ጥሩ ሰዎች አይገጥሙም፤ በእሳቸው አትፍረጂ፣ በራስሽም አትዘኚ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። መቀራረቡ ብቻውን አይበቃም፤ ወዴት እንደምትሄዱና እንዴት እንደምትሄዱም መስማማት አለባችሁ። ጌታ 38 ዓመት የታመመውን ሰው እንኳ «ልትድን ትወዳለህን?» ብሎ ፈቃዱን ጠይቆታል (ዮሐ. 5፥6)። አማካሪሽ ከዚህ ሥራ ምን እንደምትፈልጊ ጠይቀውሽ ያውቃሉ? ካልጠየቁሽ አንቺ አንሺው። ለአንዷ መዳን ማለት እንቅልፍ ማግኘት ነው፤ ለሌላዋ የባሏን ስም ሳትፈራ መጥራት ነው።

አሁን ወደ ቅሬታሽ። አትቅሪ፣ ሂጂ። ሄደሽም ነገሩን ንገሪያቸው። እንዲህ በያቸው፦ «ባለፈው ኀዘኑ አልበዛም ወይ ሲሉኝ፣ ባለቤቴን ቶሎ እንድረሳው የፈለጉ መሰለኝ፤ ከዚያ ወዲህ እዚህ መምጣት ከበደኝ።» ይህን መናገር ድፍረት ወይም አለማክበር እንዳይመስልሽ። ወንድምህ ቢበድልህ ብቻችሁን ሆናችሁ ንገረው ያለው ጌታ ነው (ማቴ. 18፥15)። በሙያውም እንዲህ ያለው መቀያየም በየጊዜው የሚያጋጥም ነው፤ ተነጋግረው ያስተካከሉት ጊዜ ግንኙነቱ ብዙ ጊዜ ከበፊቱ ይበረታል። ኀዘን ላይ ላለ ሰው ደግሞ የተለየ ጥቅም አለው፤ የተጣላ ሁሉ እንደ ሞተ ሰው ተለይቶ እንደማይቀር በዓይኑ ያያል። ደህና አማካሪ ይህን ሲሰማ አይቆጣም፣ ራሱንም አይከላከልም፤ ምን እንደተሰማሽ ይጠይቃል፣ ስሕተቱን ይቀበላል። ተቆጥተው ወይም አናንቀው ከመለሱልሽ ግን ሌላ አማካሪ መፈለግ መብትሽ ነው።

የምትጠነቀቂበትም ነገር አለ። አማካሪ ከሥራው ውጭ ወዳጅ፣ የንግድ ሸሪክ ወይም የፍቅር አጋር ልሁን ካለ፣ ወይም ከቤተሰብሽና ከንስሐ አባትሽ ሊለይሽ ከሞከረ ያን ቀን ተነሥተሽ ውጪ። ምሥጢርሽን የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ነፍስሽ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን ግን ሊናገር እንደሚችል ከመጀመሪያው ሊያስረዳሽ ይገባል።

ለንስሐ አባትሽም ወደ አማካሪ እንደምትሄጂ ንገሪያቸው። ኃጢአትሽን የምትናዘዢውና ሥርየት የምትቀበዪው ከእሳቸው ነው፤ ያን አማካሪሽ ሊሰጡሽ አይችሉም። እንቅልፍ ያጣሽበትን ሌሊት ደግሞ ለሁለቱም ብትነግሪ ነውር የለውም።