የባሮቹ ቀለም ለምን ይቀያየራል? ስለ ባር ቻርት የላካችኋቸው ጥያቄዎች

ከሰርቨር በሚመጣና በየጊዜው በሚለዋወጥ ዳታ ባር ቻርት ለምትሠሩ አንባቢዎች የተዘጋጀ ነው። መልሶቹ ለቻርት ጄኤስ (በጃቫስክሪፕት ቻርት ለሚስለው ላይብረሪ) 3ኛና 4ኛ ቨርዥን ናቸው።

«ለአምስት ምርቶች አምስት ቀለም በአሬይ ሰጥቼ ነበር። ምርቶቹ ስምንት ሲሆኑ ስድስተኛው ባር የአንደኛውን ቀለም ወሰደ።»

አሬዩ (በተራ የተደረደረው የቀለም ዝርዝር) ሲያልቅ ላይብረሪው እንደገና ከአንደኛው ቀለም ይጀምራል፤ ኮድዎ አልተበላሸም። ተመልካቹ ግን 1ኛውና 6ኛው ባር ዝምድና ያላቸው ይመስለዋል። ቀለም ከመጨመርዎ በፊት ባሮቹ የተለያየ ቀለም ያስፈልጋቸው እንደሆነ ያስቡበት። ስማቸው ከሥር ተጽፏል፤ የሚለኩትም አንድ ነገር፣ ለምሳሌ ሽያጭ፣ ከሆነ ባክግራውንድ ከለር (የባሩ መሙያ ቀለም) ላይ አንድ ቀለም መስጠት ይበቃል።

«ከተሞቹን በገቢ ስደረድራቸው ትናንት ሰማያዊ የነበረችው ሐዋሳ ዛሬ ብርቱካናማ ሆነች።»

ቀለሙ የተሰጠው ለሐዋሳ ሳይሆን ለሁለተኛው ቦታ ስለሆነ ነው። አሬይ የሚያውቀው ተራ ቁጥር ብቻ ነው፤ ዳታው በተደረደረ ወይም በተጣራ ቁጥር ቀለሙ ባለቤት ይቀይራል። መፍትሔው የቀለም ሰንጠረዥ ነው። አንድ ኦብጀክት ሠርተው እያንዳንዱን ከተማ ከቀለሙ ጋር ያጣምሩ። ዳታው ሲመጣ በ«ማፕ» ፈንክሽን ረድፍ በረድፍ እየሄዱ ቀለሙን ከዚያ ያውጡ፤ ሰንጠረዡ ላይ ለሌለ ከተማ ግራጫ ይስጡ። ግራጫ ባር ሲያዩ አዲስ ከተማ መግባቱን ወዲያው ያውቃሉ። በዘፈቀደ ቀለም ቢወጣለት ግን ማንም ልብ አይለውም።

በአማርኛ ዳታ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። አንዱ መዝጋቢ «ሐዋሳ»፣ ሌላው «ሀዋሳ»፣ ሦስተኛው «አዋሳ» ብሎ ያስገባል። ለእኛ አንዲት ከተማ ናት፤ ለጃቫስክሪፕት ግን ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ሁለቱ ግራጫ ሆነው ይወጣሉ። ከስሙ መጨረሻ ሳይታወቅ የገባ ባዶ ቦታም ያንኑ ያደርጋል። ስለዚህ መዝጋቢዎቹ ከተማውን ከዝርዝር ይምረጡ እንጂ አይጻፉት፤ የቀለም ሰንጠረዡም በስም ሳይሆን በዳታቤዙ መለያ ቁጥር ይሠራ።

«ከማለፊያ ነጥብ በታች ቀይ፣ ከዚያ በላይ ሰማያዊ የሚያደርግ ፈንክሽን ጻፍኩ። ማለፊያውን 50 ብዬ ሳስገባ 9 ያመጣው ሰማያዊ፣ 100 ያመጣው ቀይ ሆነ።»

ነጥቦቹ የተነጻጸሩት እንደ ጽሑፍ ነው። ከኢንፑት ሳጥን የሚነበብ ዋጋ ጽሑፍ ነው፤ ከሰርቨሩ የመጣው ነጥብም በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ካለ ጃቫስክሪፕት ሁለቱን እንደ መዝገበ ቃላት ከፊት ጀምሮ ምልክት በምልክት ያነጻጽራቸዋል። 9 ከ5 ስለሚበልጥ «9» ከ«50» ይበልጣል፤ 1 ከ5 ስለሚያንስ «100» ያንሳል። የባሩ ቁመት ትክክል ሆኖ ቀለሙ ብቻ የሚሳሳተው ቻርት ጄኤስ ለመሳል ሲል ጽሑፉን ራሱ ወደ ቁጥር ስለሚቀይረው ነው። እርስዎም ያንን የተቀየረውን ይጠቀሙ፤ ከኮንቴክስቱ (ላይብረሪው ለፈንክሽንዎ ከሚያቀብለው መረጃ) «ሮው»ን (እንዳለ የመጣውን ዋጋ) ትተው «ፓርስድ»ን (ወደ ቁጥር የተቀየረውን) ይውሰዱ፣ ባሩ ቋሚ ከሆነ የዋይን፣ አግድም ከሆነ የኤክስን ዋጋ። ማለፊያውንም በ«ናምበር» ወደ ቁጥር ይቀይሩት። እንደ «1,200» ኮማ ያለበት ጽሑፍ ግን ወደ ቁጥር አይቀየርም፤ ባሩም ጭራሽ አይሳልም። ኮማውን ሰርቨሩ ላይ ያጥፉት።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ፈንክሽኑ የሚጠራው ለየባሩ ብቻ አይደለም። ሌጀንዱ (የቀለሞቹ መግለጫ) ሲሠራ ለመላው ዳታሴት (አብረው ለሚሳሉት ዋጋዎች ስብስብ) አንድ ጊዜ ይጠራል፤ ያኔ ፓርስድ የለም፣ የ«አንዲፋይንድ» ስህተት ይመጣና ቻርቱ ይቆማል። የፈንክሽኑ የመጀመሪያ መስመር «ፓርስድ ከሌለ ሰማያዊ መልስ» የሚል ይሁን።

«ባሮቹ ሁለት ቀለም ናቸው፤ ሌጀንዱ ላይ የሚታየው ግን አንዱ ብቻ ነው።»

ሌጀንድ ለአንድ ዳታሴት አንድ ሳጥን ነው የሚሰጠው። «ያለፉ» እና «ያላለፉ» ተብሎ እንዲነበብ ሁለት ዳታሴት ያድርጉት፤ በአንዱ ቁጥር ባለበት ቦታ በሌላው «ናል» (ባዶ ዋጋ) ይግባ። ሁለቱንም አክሲስ (ቋሚና አግድም መስመሮቹን) «ስታክድ» (ተደራራቢ) ያድርጓቸው፤ አለዚያ ባሮቹ ቀጥነው ከስማቸው ወደ ጎን ይሸሻሉ።

«ዳታ በታደሰ ቁጥር ካንቫሱ ተይዟል የሚል ስህተት ይመጣል።»

በአንድ ካንቫስ (ቻርቱ በሚሳልበት የገጹ ክፍል) ላይ ቻርቱን በየጊዜው አዲስ አይፍጠሩት። አንዴ ፈጥረው በቫሪያብል ይያዙት፤ ሌብሉን (የባሮቹን ስም)፣ ዳታውንና የቀለሙን አሬይ አብረው ይተኩና «አፕዴት»ን ይጥሩ። ቀለሙን ከረሱ የትናንቱ ቀለም በዛሬው ባር ላይ ይቀራል። የግድ አዲስ መፍጠር ካለብዎ መጀመሪያ የድሮውን በ«ዲስትሮይ» ያጥፉ።

«ለማለፍ አረንጓዴ፣ ለመውደቅ ቀይ ብጠቀምስ?»

ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸግራቸው ሰዎች፣ በተለይ ወንዶች፣ ጥቂት አይደሉም። በአርጂቢ (በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ መጠን ሲጻፍ) ሰማያዊ 0፣ 114፣ 178 እና ቀይ ብርቱካናማ 213፣ 94፣ 0 ለአብዛኞቹ ይለያሉ። የ2018ቱ የዌብ ተደራሽነት መመሪያ 2.1 እንዲህ ላሉ ምስሎች ከጀርባቸው ጋር ቢያንስ 3 ለ1 ንጽጽር (የብሩህነት ልዩነት) ይጠይቃል፤ በነጭ ላይ ሰማያዊው 5 ለ1 ገደማ፣ ቀይ ብርቱካናማው ወደ 4 ለ1 የሚጠጋ ንጽጽር አላቸው። ፈካ ያለው ብርቱካናማ 230፣ 159፣ 0 ግን ከ3 በታች ነው። እሱን ከወደዱት «ቦርደር ዊድዝ» 1 አድርገው ጠቆር ያለ ጠርዝ ይስጡት፤ «ቦርደር ስኪፕድ»ንም «ፎልስ» ያድርጉ፣ አለዚያ የባሩ ግርጌ ያለ ጠርዝ ይቀራል።