ላብራቶሪ ተቆልፎ ፕራክቲካል ማስተማር ይቻላል ወይ ላልከው

ወንድሜ ጥያቄህን አየሁት፣ ገጠር ሃይስኩል ተመድበህ ላቡ ተቆልፎ ክፍሉ ጢም ብሎ ጠበቀህና "በተግባር አስተምሩ የሚሉን ነገር እዚህ ይሰራል ወይስ ለሪፖርት ብቻ ነው" ነው ያልከው። እኔ ደብረ ማርቆስ ዙሪያ ፊዚክስና ኬሚስትሪ አስተምሬያለሁ፣ ይሰራል፣ ግን ከዕቃው ይልቅ የሚያስቸግርህ ሌላ ነገር ነው፣ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ውሃ አፍላ። መጽሐፉ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል አይደል፣ ማርቆስ ከባህር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ምናምን ላይ ስላለች የአየር ግፊቱ ያንሳል፣ ስለዚህ 92 አካባቢ ሲደርስ እየተንተከተከ እዛው ይቆማል፣ የፈለግከውን ያህል እሳት ብትጨምርበት ንቅንቅ አይልም። ከማፍላትህ በፊት ግን ሁሉም ግምቱን ደብተሩ ላይ ይጻፍ፣ ይሄን እንዳትዘል፣ ምክንያቱም ሁሉም 100 ብሎ ይጽፍና 92 ላይ ሲያዩት "ቲቸር ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል" ይሉሃል፣ እሺ ሌላ አምጡ፣ እሱም ያው! ከዛ በኋላ ስለ አየር ግፊት ስታወራ የሚያንቀላፋ የለም። እኔ ጋ አንድ ከአባይ በረሃ የመጣ ልጅ "እኛ ቆላው ላይ ንፍሮ ቶሎ ይበስላል፣ እዚህ ሳበስል ግን ከሰሉን ይጨርስብኛል" አለ፣ እውነቱን ነው፣ ታች ወደ 96 ነው የሚፈላው። ብቻ የትኩሳት መለኪያ እንዳትከትበት ይፈነዳል፣ የላቡን ተጠቀም፣ በከሰል ከሆነ ደግሞ ውጭ አድርገው።

ለአሲድና ቤዝ ቀይ ጥቅል ጎመን ቀቅለህ ውሃውን አጥልል፣ አሲዱ ሎሚ ሲገባበት ይቀላል፣ ቤዙ የአመድ ውሃ ሲገባበት ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ከዛ ገበሬው ማሳው ላይ ኖራ ለምን ይበትናል በላቸው፣ የኛ ደጋ አፈር ብዙ ቦታ አሲዳማ ስለሆነ ከቤታቸው የሚያውቁት ነገር ነው። ፔንዱለም ከሆነ ክርና ጓጉንቸር በቂ ነው፣ ክሩ 1 ሜትር ሲሆን ደርሶ መልሱ 2 ሰከንድ ገደማ ነው፣ ባንተ ስልክ ይለካሉ።

አሁን ወደ ዋናው። አብዛኛው ተማሪህ ከገጠር መጥቶ ሁለት ሶስት ሆኖ ቤት ተከራይቶ ነው የሚማረው፣ አርብ ስንቅ ሊያመጣ ይወጣል፣ ሰኞ እንጀራውንና በሶውን ተሸክሞ በእግሩ ደክሞት ይገባል፣ አንዳንዱ የመጀመሪያው ፔሬድ ላይ አይደርስም። ስለዚህ ፕራክቲካል ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ይሁን። ዕቃ አምጡ ስትልም ብር የሚያስወጣ ነገር አትዘዝ፣ አመድ፣ አፈር፣ ባዶ ሃይላንድ በል፣ ሎሚና ጎመኑን ራስህ ግዛ። "ዕቃ አላመጣህም" ብሎ ልጅ ከክፍል የሚያስወጣ መምህር አይቻለሁ፣ እኔን ያናድደኛል።

ግሩፕ ስትመድብ ደግሞ ዝም ካልካቸው ጎበዙ ወንድ ልጅ ዕቃውን ይይዛል፣ ሴቶቹ ይጽፋሉ፣ ሌላው ቆሞ ያያል። ተራ አስይዛቸው፣ ዛሬ የጻፈችው በሚቀጥለው ትለካለች። መጀመሪያ በአማርኛ ይከራከሩ፣ ሪፖርቱን ሶስት አራት መስመር በእንግሊዝኛ ይጻፉ፣ እንግሊዝኛውን ካስቀደምክ ክፍሉ ጸጥ ይልብሃል።

ለኢንትራንስ ይጠቅማል ወይ ላልከው፣ ፈተናው ምርጫ ነው፣ ውሃ ስላፈላ ብቻ ነጥብ የሚያመጣ የለም። በማግስቱ እዛው ርዕስ ላይ ጥያቄ ካሰራሃቸው ግን ልዩነቱን ታየዋለህ።

የላቡ ቁልፍ ነገር፣ ንብረት ያዡን አትጣላው፣ ዕቃ ቢሰበር ከኔ ደሞዝ ይቆረጣል ብሎ ነው የሚፈራው። ሁለት ቴርሞሜትርና ሁለት ቢከር ብቻ ፈርመህ ውሰድና በዛው ቀን አጥበህ መልስ። ሌላ ጊዜ ራሱ ይከፍትልሃል። ውስጥ የምታገኘውን ጊዜው ያለፈበትና ሌብሉ የለቀቀ ኬሚካል ግን ተማሪ እንዳይነካው። የየትኛው ክፍል ርዕስ ላይ እንዳለህ ጻፍልኝና ሌላ ፕራክቲካል እንፈልጋለን።