መልስ፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እያለ የሒሳብ አያያዝ መማር ያዋጣል ወይ?

የሒሳብ ምዝገባውን ማሽን ከሠራው አካውንቲንግ መማር ምን ይጠቅማል ብለው ለጠየቁት፣ በእኔ አስተያየት ሙያው አይቀርም፤ የሚለወጠው ድካሙ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ደረሰኝ አንብቦ መመዝገብና የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ (የድርጅቱን መዝገብ ከባንኩ መግለጫ ጋር ማመሳከር) ወደ ማሽን እየሄዱ ነው፤ በ1979 እ.ኤ.አ. ቪዚካልክ የተባለው የሠንጠረዥ ፕሮግራም ሲወጣም የድምር ሥራ ከእጅ ወጥቶ ነበር።

ጥልቁ ለውጥ በኦዲት በኩል ያለው ነው። ኦዲተሩ ቀድሞ ከብዙ ሺህ ግብይቶች ናሙና መርጦ ይፈትሽ የነበረ ሲሆን፣ አሁን ሁሉንም በፕሮግራም አሳልፎ ከተለመደው ወጣ ያሉትን፣ ለምሳሌ በእኩለ ሌሊት የተመዘገቡትን ወይም ተጨማሪ ፊርማ ከሚጠይቀው የገንዘብ መጠን ለጥቂት ዝቅ ያሉ ክፍያዎችን፣ መለየት ይችላል። ይሁን እንጂ እንግዳ የሆነ ሁሉ ማጭበርበር ስላልሆነ፣ ማስረጃውን መርምሮ መወሰንና በሪፖርቱ ላይ መፈረም የሰው ኃላፊነት ሆኖ ቀጥሏል።

እንደ ቻትጂፒቲ ያሉ ፕሮግራሞች የሌለ የሒሳብ አያያዝ ደረጃ (ስታንዳርድ) አንቀጽ በልበ ሙሉነት ሊጠቅሱ ስለሚችሉ፣ ዴቢትና ክሬዲትን (እያንዳንዱ ግብይት የሚመዘገብባቸውን ሁለት ወገኖች) ጠንቅቆ የማያውቅ ተማሪ ስህተቱን አይለይም። ስለዚህ መሠረቱን (አሰልቺ መሆኑን አልክድም) በእጅዎ ይሥሩት፤ ከዚያ ዳታ ትንተናን ይጨምሩበት። የአሜሪካው የሲፒኤ (የተመሰከረለት የሒሳብ ባለሙያ ፈቃድ) ፈተናም ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ የመረጃ ሥርዓትና ቁጥጥርን ከሦስቱ አማራጭ ዘርፎች አንዱ አድርጎታል።